ምን ይያዝበታል?

የሐበሻ ቤት ባዶ ዕቃ አይችልም። አሜሪካ ከገባ በኋላ ደግሞ ብሶበታል። የማዮኔዝ ጠርሙስ ማዮኔዙ ገና ሳያልቅ ለበርበሬ ይታጫል። የብስኩት ቆርቆሮ አይቶ ብስኩት አገኛለሁ ብሎ የከፈተ እንግዳ መርፌና ክር፣ ባለቤት የሌላቸው የሸሚዝ ቁልፎችና ጫፉ የጠፋ የሜትር ጥቅል አግኝቶ በትዝብት መልሶ ይከድነዋል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው የአይስክሬም ዕቃ ሽሮ ካልያዘ ምስር ይዟል፤ ልጆቻችን በጽሑፍ ላይ ያላቸው እምነት ማንበብ በተማሩበት ዓመት ነው የሚሸረሸረው። ጎረቤት ምግብ በሰሃን ከላከ ሰሃኑን ባዶውን መመለስ ነውር ነውና፣ አንድ ሰሃን የማን እንደነበረ እስኪረሳ ድረስ በሁለት ቤት መካከል ሲመላለስ ይኖራል።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እኔ ምንም የማይያዝበት ዕቃ ለመሥራት የተነሣሁት።

ዕቃው ቁመቱ ከቡና ሲኒ ጥቂት ከፍ ይላል። ሆዱ ክብ ነው። አፉ ትንሿ ጣት የማታልፍበት ቀዳዳ ናት። እጀታ የለውም፣ ክዳን የለውም፣ ውስጡ ግን ምንም ሳይቀር ተፈልፍሎ ወጥቷል። «ለምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ለምንም» ነው። ይህ መልስ ሜሪላንድ ውስጥ እንጨት በቶርኖ በሚያዞሩ ፈረንጆች ዘንድ ጥበብ ይባላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት ውስጥ ግን ሥራ መፍታት ይባላል።

ነገሩን የጀመሩት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዴቪድ ኤልስዎርዝ የሚባል አሜሪካዊ ጫፋቸው የታጠፈ ብረቶች ለራሱ ሠራና በጠባብ ቀዳዳ እያስገባ የእንጨትን ሆድ ባዶ ማድረግ ያዘ። ግድግዳው ስስ፣ አፉ ጠባብ፣ ጥቅሙ የማይታወቅ ዕቃ እየሠራ ወደ ሙዚየም አስገባ። በ1986 የአሜሪካ እንጨት አዟሪዎች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ሆነ። ማኅበሩ ጽሕፈት ቤቱ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው፤ በየአካባቢው ደግሞ ሽማግሌዎች በወር አንድ ቀን የሚሰበሰቡባቸው ክበቦች አሉ። እኔም ቶርኖዬን ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ከገዛሁ በኋላ የአንዱ ክበብ አባል ሆንኩ። ከእድር ብዙም አይለይም፤ መዋጮ አለ፣ ቡና አለ፣ የማያልቅ አጀንዳ አለ። በእነዚህ ሰዎች መካከል ክብር የሚለካው በቀዳዳ ጥበት ነው። አፈ ሰፊ ዕቃ ይዞ የመጣ «ጎሽ፣ ጥሩ ሳህን ነው» ይባላል፤ ይህም በእነሱ ደንብ የጨዋ ስድብ ነው።

እንጨቱን የገዛሁት ከባሕር ማዶ የመጣ እንጨት ብቻ ከሚሸጥ መደብር ነው። እዚያ ቤት እንጨት በሰም ተለብጦ፣ ዋጋው ተለጥፎበት፣ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል። ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ኮኮቦሎ ብርቱካንማና ቀይ እየሆነ ዓይን ይስባል፤ መዓዛውም ሽቶ ሽቶ ይላል። ግን ቅባት ስለሚበዛው ኮላ በደንብ አይዘውም፣ ብናኙም የብዙ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ገንዘብ ከፍሎ ማሳከክ መግዛት ለእኔ አልታየኝም። አለፍኩትና ጥግ ላይ ወዳለው ጥቁር ጉማጅ ሄድኩ። ትንሽ ነው። ሳነሣው ግን ክንዴ ደነገጠ፤ ውሃ ውስጥ ቢጣል የሚሰምጥ እንጨት ነውና። ስሙን አነበብኩ፦ የአፍሪካ ጥቁር እንጨት፣ ዳልበርጊያ ሜላኖክሲሎን። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ምፒንጎ ይሉታል። ክላርኔትና ኦቦ የሚሠሩት ከእሱ ነው፤ ለዓለም ገበያ በብዛት የሚልኩት ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ናቸው። ዛፉ ግን የሚበቅለው እነሱ ጋ ብቻ አይደለም። ከሴኔጋል ተነሥቶ የአፍሪካን ደረቅ ቆላ እያቆራረጠ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። እኔ ተወልጄ ባደግሁበት አገር የሚበቅል እንጨት፣ እኔ በተሰደድኩበት አገር ከሩቅ የመጣ ብርቅዬ ተብሎ፣ ከእኔ ሳምንታዊ የነዳጅ ወጪ በላይ ዋጋ ተለጥፎበት አገኘሁት። እኔ ስመጣ እንዲህ ያለ ዋጋ የለጠፈብኝ አልነበረም።

የወረቀቱም ነገር ያስተዛዝባል። ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዳልበርጊያ ዘር በሙሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ሥር ገብቶ፣ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ እንዲይዝ ተደረገ። የሙዚቃ ሰዎች ክላርኔታቸውን ይዘው ኤርፖርት ላይ ሲጨነቁ ቆይተው ጮኹና በ2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከፈቃዱ ነጻ ሆኑ። ስለዚህ ሙያ ያለው እንጨት ያለ ወረቀት ያልፋል፤ ሙያ የሌለው ጉማጅ ግን ወረቀት ይጠየቃል። ይህን ሕግ ሳነብ ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፌ የቆየሁበት ጊዜ ትዝ አለኝና ጉማጁን ሳልከራከር ገዛሁት።

አማቴ ከደብረ ታቦር የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የልጅ ልጅ ሊያዩ መጥተው ያገኙት ግን አንድ ጎልማሳ ጋራዥ ውስጥ የፊት መከላከያና የአቧራ ጭንብል አጥልቆ ሲንጎራደድ ነው።

«ልጄ፣ ቀፎ ልትቆርጥ ነው?»

«አይ እማማ፣ እንጨት ላዞር ነው።»

«ዞሮስ?»

ይህችን ጥያቄ ክበባችን ውስጥ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አማቴ ተጣጣፊ ወንበር አስወጥተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ጋራዡ በር ላይ ተቀመጡና እንዝርታቸውን ማሾር ጀመሩ። እኔም የእኔን አስነሣሁ። ውጪውን ቅርጽ ማስያዝ የሥራው ደስ የሚል ክፍል ነው። ጎድጓዳው መሮ በደንብ ከተሳለ እንጨቱ አቤት ሳይል ይላጣል። ሲጀመር ስሱ ቢጫማ የውጭ ሽፋን ይሄዳል፣ ከዚያ ሐምራዊ ያዘለው ጥቁር ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ጥቁር ብቻ ነው። ጥንካሬው ጉድ ነው፤ ብረት ሠራተኛ ለብሎን የሚያወጣው ዓይነት ጥርስ በዚህ እንጨት ላይም ይወጣል። የእንግሊዝ ቶርኖ ሊቃውንት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለጌጣጌጥ ሥራ ከሁሉ አብልጠው የያዙት ወደው አይደለም። ሙቀት ግን አይወድም። በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ካቻኮሉት ይግልና በስስ መስመር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ትንሽ ፍቆ ማቆም፣ በእጅ ዳብሶ ማስበረድ፣ እንደገና ትንሽ መፋቅ ነው።

«የእኔም ይዞራል» አሉ አማቴ ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ፤ «ግን ክር ይወጣዋል። ያንተ የሚወጣው ብናኝ ብቻ ነው።»

ብናኙ ደግሞ ጥቁር ነው። ጭንብል አድርጌም ቢሆን ማታ ስናፈጥ መሐረቤ ይጠቁራል። ባለቤቴ የከሰል ነጋዴ ማግባቷን ያወቀችው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ለእናቷ እየነገረች ትስቃለች።

ከዚያ ወደ ውስጥ መግባት ነው። መጀመሪያ መሐሉን በትራፓኖ እስከሚፈለገው ጥልቀት መብሳት፤ ይህች ቀዳዳ የዕቃው ወለል የት እንዳለ ትነግራለች። ቀጥሎ ጫፉ የታጠፈው ቀጭን ብረት በቀዳዳው ይገባና ወደ ጎን እየበላ ይሄዳል። እዚህ ላይ ዓይን ሥራ ይፈታል። ብረቱ ያለበት ቦታ አይታይም፤ የሚታየው የሚሽከረከር ጥቁር ነገርና አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። ሰው በእጁና በጆሮው ይሠራል። ግድግዳው ወፍራም ሲሆን ድምፁ ድፍን ነው፤ እየሳሳ ሲመጣ ይለወጣል፣ ይጠራል። እጅ ደግሞ የብረቱ ጫፍ ሲነክስና ሲለቅ ያለውን ልዩነት ያዳምጣል። ሳያዳምጥ የገፋ ሰው ብረቱ ይጠመድበትና ዕቃው በአንዲት ቅጽበት ሁለት ሳህን፣ ወይም ብዙ ፍልጥ ይሆናል። የተፋቀው ሁሉ መውጫ ስለሌለው ሆዱ ውስጥ ይታጨቃል። ስለዚህ በየጊዜው ቶርኖውን ማቆም፣ ዕቃውን በአየር መንፋት፣ ማራገፍ፣ በታጠፈ ሽቦ የግድግዳውን ውፍረት መለካት፣ እንደገና ማስነሣት ነው። ግድግዳውን ወደ 3 ሚሊ ሜትር አወረድኩት። ከዚያ በታች የሚወርዱ አሉ፤ እኔ ሚስት አለኝ።

አማቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲያዩ ቆይተው እንዝርቱን አስቀመጡ።

«ውስጡን ባዶ ለማድረግ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቅል አልነበረም እንዴ?»

ዝም አልኩ።

«አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ዘሩን መሬት ላይ ጣል ታደርጋለህ፣ እግዜር ያበቅለዋል። ሲደርቅ አፉን ትበሳዋለህ፣ ውሃ ትሞላዋለህ፣ ሆዱ ይበሰብሳል፣ ጠጠር ጨምረህ ትንጠዋለህ፣ ትደፋዋለህ። አለቀ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ባሕር ተሻግሮ ግን እንጨት ሆነ ማለት ነው?»

ኤልስዎርዝን ጠቀስኩላቸው፣ ሙዚየሙን ጠቀስኩላቸው። ቅሉ ግን ከፊቴ አልሄድ አለ። የሰው ልጅ ብረት አጥፎ የደረሰበትን ቅርጽ ሐረግ ከአጥር ላይ ተንጠልጥላ ስትሠራው ኖራለች፤ ይህን የሚክድ አዟሪ የለም። ቅል ግን ሰምጦ አያውቅም ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት።

ማታ ለእህታቸው ደብረ ታቦር ሲደውሉ ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንጨት ይፍቃል» አሉ። ከዚያኛው ጫፍ ረጅም ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ «ሥራውን ለቀቀ?» የሚል ጥያቄ የመጣ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም «ኧረ አለ፣ ሥራስ አለ፤ ይሄን ለራሱ ነው» ብለው መለሱ። «ጠበል? እዚህ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጠበል ይኑረው አይኑረው እጠይቃለሁ» ሲሉም ሰማሁ።

ነገሩ ገባኝ። እኛ ዘንድ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ ማለት ስድብ ሆኖ የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እጁ ሙያ ያለው ሰው ዓይኑም ይፈራ ነበር፤ ቡዳ ይባላል። ልጃቸውን ለተማረ ሰው ድረው፣ የተማረው ሰው አትላንቲክን ተሻግሮ ፋቂ ሆኖ ሲያገኙት ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። በማግስቱ ቡና ላይ መከላከያዬን አቀረብኩ።

«እማማ፣ ታላቁ ጴጥሮስ የሚባል የሩሲያ ንጉሥ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቶርኖ ነበረው። ናርቶቭ የሚባል ባለሙያ ይዞ፣ ራሱ ቆሞ እንጨትና የዝሆን ጥርስ ያዞር ነበር። ቶርኖዎቹ እስከ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ሙዚየም ውስጥ አሉ።»

«ሩሲያ ብርድ ነው። ቤት ተቀምጦ ምን ይሥራ?» አሉ። «የእኛው ቴዎድሮስ ከእኛው ደጅ፣ ጋፋት ላይ፣ ሴባስቶፖልን ያህል መድፍ አሠርቷል። በፈረንጆቹ ነው ያሠራው። ራሱ ወናፍ አልነፋም።»

«መንገድ ሲያሠራ ግን ድንጋይ ተሸክሟል።»

«ድንጋዩ መንገድ ሆነ። ያንተ ምን ሆነ?»

ምኒልክን ጠራሁ። ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸውን አስታወስኳቸው። አማቴ አቦሉን ፉት አሉና «አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ስላለ አይደል?» ብለው ዘጉት። ሕግ ተምረው ቢሆን ኖሮ እኔ ለልጃቸው አልደርስም ነበር።

ዕቃው ሲያልቅ ቫርኒሽ አልፈለገም። በጨርቅና በጥቂት ሰም ሲታሽ ራሱ አበራ። ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ለብቻው አስቀመጥኩት። በክበባችን ደንብ እንዲህ ያለ ዕቃ ዙሪያው ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በእኔ ቤት ክፍት ቦታ ሁለት ሰዓት አልቆየለትም። በመጀመሪያ የስልክ ቻርጀር አጠገቡ መጣ፤ ቀጥሎ የልጄ የሒሳብ ደብተር፤ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን የታደለ የዓመት ካላንደር ተደገፈበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንግዶች መጡ። ሐበሻ እንግዳ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ «ያምራል» አይልም፤ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል፣ ያነሣል፣ በቀዳዳው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ይጠይቃል። «ምን ይያዝበታል?» «ምንም» ስላቸው የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። አልቀለድኩም ስል አዘኑልኝ፤ ወዲያውም ተባብረው ሊረዱኝ ተነሡ። አንዱ የጥርስ እንጨት ማስቀመጫ ነው አለ። አንዲት እህት የአንድ አበባ ግንድ ይችላል አለች። ታክሲ ሲነዳ የኖረው ወዳጄ ቀዳዳውን በጣቱ ለካና ሳንቲም እንደማትገባ ካረጋገጠ በኋላ ተስፋ ቆረጠ። ዲያቆኑ ዕጣን ብናጨስበት ጭሱ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል የሚል ሐሳብ አመጣ፤ እንጨት መሆኑን ስነግረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው ብሎ አስተካከለ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ «ባዶውን ይሁን» ያለ አንድም አልነበረም።

አማቴ አልተናገሩም። እንግዶቹ ሲሄዱ ዕቃውን አንሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ተኩሏል።

ኩላቸውን ከአገር ይዘው የመጡት በወረቀት ጠቅልለው፣ በመድኃኒት ፕላስቲክ ውስጥ ነበር። ደቅቆ የተነፋ ጥቁር ዱቄት ይዞ አሜሪካ ኤርፖርት ውስጥ በእርጋታ ማለፍ የሚችል የእሳቸው ዕድሜ ያለው ሰው ብቻ ነው። አሁን ያ ዱቄት በእኔ ሥራ ሆድ ውስጥ ገብቷል።

«አፉ ጠባብ ስለሆነ አይባክንም» አሉ። «ለካ ብልቃጥ ነው የሠራኸው፤ ምነው እስካሁን ሳትነግረኝ? አሁን ከትራፊው መኳያ አውጣልኝ።»

ከትራፊው ቀጭን መኳያ አወጣሁ። ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ሥራ ነው። በሕይወቴ ያን ያህል የተመሰገንኩበት ሥራ የለም። ደብረ ታቦር ተደውሎ ተነገረ፤ የጠበሉም ጉዳይ በዚያው ተሰረዘ።

እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ አደርኩ። የጥንት ግብጻውያን ከደቡብ ያስመጡት የነበረው ጥቁር እንጨት በአብዛኛው ይኸው ዳልበርጊያ ሜላኖክሲሎን ነው። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘውት ከተመለሱት ሸቀጥ ውስጥ ከከርቤው ጋር ጥቁር እንጨት እንዳለበት በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ፑንትን ምሁራን የሚፈልጉት ከቀይ ባሕር ደቡብ፣ ወደ እኛው ሠፈር ነው። ግብጾቹ ከጥቁሩ እንጨት ወንበርና ሳጥን ሠሩ፣ የኩል ማስቀመጫም ሠሩ። አማቴ ይህን አላነበቡም። እንጨቱን አይተው፣ ቀዳዳውን አይተው፣ ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ የቆየውን ሥራውን መልሰው ሰጡት። ለነገሩ እኔም «ምንም አይያዝበትም» ማለቴን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምለው።

«ክዳን ሥራለት» አሉኝ ጠዋት።

«እማማ፣ ክዳን ከኖረው ምድቡ ይለወጣል። ክዳን ያለው ሳጥን ይባላል፤ ዳኞቹ ከሳጥኖች ጋር ነው የሚያዩት።»

«ዳኛ?» አሉና ትተውኝ ሄዱ።

የክበቡ ስብሰባ ቅዳሜ ነበር። አማቴ ከባለቤቴ ጋር ገበያ ወጥተዋል። ዕቃውን ከመስተዋታቸው ፊት አንሥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ተራዬ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ቀዳዳው ተለካ፤ ጭንቅላቶች ተነቀነቁ። የክበቡ አንጋፋ፣ እስከ ደረቱ የወረደ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ ቀረብ አሉ። እንጨት አዟሪ ዕቃ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያደርገውን እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ ታችኛው መቀመጫ እንዴት እንደተጨረሰ ለማየት ይገለብጠዋል። ሽማግሌውም ከፍ አድርገው ከጢማቸው በላይ ገለበጡት።

ኩሉ በደንብ ደቅቆ ስለነበር ሲወርድ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሽማግሌው አላዩትም፤ መነጽራቸውን አስተካክለው «መቀመጫው ንጹሕ ነው» ብለው ፈረዱ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ እጁን አውጥቶ ውስጡን ምን ዓይነት ቀለም እንደቀባሁት ጠየቀ።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። ክዳን አልኩህ አይደል እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም። መኳያቸውን በጣታቸው እያሾሩ ጥቂት አሰቡና፦

«ለመሆኑ ጢሙ ያዘለት?» አሉ።